«ዶክተር፣ በርቀት ተምሬ ሚድዋይፍ መሆን እችላለሁ?»

 

ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አልጽፍም። በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝን አንድ ጥያቄ ልመልስ ነው። ጥያቄው የሚመጣው ከጅግጅጋ፣ ከቀብሪ በያህ፣ ከአውበሬ፣ ከሐርሺን ነው፤ በወዲያኛው በኩል ደግሞ ከሽንሌ፣ ከኤረርና ከአይሻ። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ነርሶች ናቸው። አጻጻፋቸው ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፦ «ክሊኒካል ነርስ ነኝ፣ ሌቭል 4። የምሠራው ጤና ጣቢያ ነው። ልጆች አሉኝ፤ ሥራዬን ትቼ ኮሌጅ መግባት አልችልም። ሚድዋይፍሪ በርቀት ብማር ይሆናል?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። በርቀት ብቻ አይሆንም። በርቀት ጭምር ግን ይሆናል፤ መሆንም አለበት ባይ ነኝ። «ብቻ» እና «ጭምር» የሚሉት ሁለት ቃላት ተራ ነገር ይመስላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ግን የእናት ሕይወት ነው። ባልደረቦቼ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ግማሽ ተናግረው ይሄዳሉ፤ «የርቀት አዋላጅ? ቀልድ ነው እንዴ!» ብለው ይስቃሉ። ኮሌጅ ነን ባዮች ደግሞ ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ይዘው ይሸጣሉ። ጠያቂዋ በሁለቱ መሃል ቆማ ቀርታለች።

እስቲ መጀመሪያ እሷን እንወቃት። ይቺ ነርስ ዛሬም እያዋለደች ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ምጥ የያዛት እናት በባጃጅ ወይም በአይሱዙ ተጭና ጤና ጣቢያው በር ላይ ስትደርስ «ሚድዋይፍ እስኪመጣ ጠብቂ» አይባልም። ዲውቲ ላይ ያለችው ሲስተር ጓንት ታጠልቃለች፤ በቃ። ስለዚህ ጥያቄዋ «አዋላጅ ልሁን ወይ?» አይደለም፤ ሆናለች። የምትጠይቀው «የማደርገውን ነገር በትክክል አስተምሩኝ፣ ስሙንም ስጡኝ» ነው። እንዲህ ብላ ለምትጠይቅ ባለሙያ «አይቻልም» ብሎ መልስ ሰጥቶ መተኛት ለእኔ ይከብደኛል።

ቁጥሩን ደግሞ እንየው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሶማሌ ክልል ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተከናወኑት 18 ገደማ ነበሩ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ 26። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ አገር አቀፉ ወደ 48 ሲዘል የሶማሌ ክልል 23 አካባቢ ላይ ቀረ። ሌላው አገር ሲሮጥ እኛ እየተራመድን ነው ማለት ነው። በዚያው በ2016ቱ ጥናት በክልሉ አንዲት ሴት በአማካይ 7 ልጅ ትወልዳለች። ስለዚህ አንዲት እናት ከቤት ወይ ከጤና ጣቢያ የመውለድ ዕጣውን አንዴ ሳይሆን ሰባት ጊዜ ታወጣለች።

ለምን አይመጡም? መንገዱ ሩቅ ነው፣ አምቡላንሱ አንድ ነው፣ ቤተሰቡ ከከብቱና ከግመሉ ጋር ይንቀሳቀሳል። እነዚህን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። እኔ የምጨምረው ከማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ያየሁትን ነው። ከደጋ መጥቼ ጅግጅጋ የተመደብኩ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ሶማልኛዬ «የት ያምሻል»፣ «መቼ ጀመረሽ» እና «ግፊ» ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፤ አስተርጓሚው አንዳንዴ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፣ አንዳንዴ ደግሞ የባልየው ወንድም ነው። ምጥ ላይ ያለች ሴት ስለ ደሟና ስለ ሽንቷ በባሏ ወንድም በኩል እንድትነግረኝ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ያቺ ከሐርሺን የጻፈችልኝ ነርስ ግን እዚያው ቢርካ አጠገብ ያደገች፣ የእናቶቹን አያት ስም ሳይቀር የምታውቅ ናት። «ሆዮ፣ አይዞሽ» ስትል ቋንቋው የራሷ ነው።

ከደጋ የሚመጡ ጎበዝ ሚድዋይፎች የሉንም እያልኩ አይደለም። አሉን። ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ዝውውር ይጠይቃሉ። አልፈርድባቸውም፤ ቤተሰብ አላቸው፣ ሙቀቱ ይከብዳል፣ ቋንቋው ይከብዳል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያም በሰዓቱ አይመጣም። እነሱ ሲሄዱ ማዋለጃ ክፍሉ ተመልሶ ለዚያችው ለአካባቢው ነርስ ይቀራል።

ይህ ነገር በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1925 አሜሪካ ውስጥ በኬንታኪ ተራሮች ሜሪ ብሬክንሪጅ የምትባል ነርስ መንገድ በሌለበት አገር በፈረስ እየተጓዙ የሚያዋልዱ ነርስ ሚድዋይፎችን አሰማራች። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥልጠና ስላልነበረ እሷ ራሷ ሚድዋይፍነት የተማረችው እንግሊዝ ሄዳ ነው፤ ብዙዎቹን አዋላጆችም ያመጣችው ከዚያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ጦርነቱ ሲጀመር እንግሊዞቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያኔ የቀረው ምርጫ አንድ ነበር፤ እዚያው ተራራው ላይ የራስን ትምህርት ቤት መክፈት። ከፈቱት። ያ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 ነርሶች ከሚኖሩበት ሳይፈናቀሉ ሚድዋይፍ የሚሆኑበትን የርቀት ፕሮግራም ጀመረ። ዛሬም ፍሮንቲየር ነርሲንግ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ በዚሁ መንገድ ያስተምራል።

እንዴት አድርጎ? ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ነርሷ ንድፈ ሐሳቡን ቤቷ ሆና ትማራለች። ለአጭር ጊዜ ወደ ካምፓሱ ሄዳ በአካል ትፈተናለች፣ ትለማመዳለች። ከዚያ ለወራት በአካባቢዋ ባለ ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ፣ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ዓይን ሥር፣ እውነተኛ እናቶችን ታዋልዳለች። ርቀቱ ያለው ከካምፓሱ ነው፤ ከእናቲቱ አልጋ ርቀት የለም። ልብ በሉ፣ እዚያ የሚገቡት አስቀድመው ነርስ የሆኑ ናቸው፤ ከዜሮ የሚጀምር የለም።

«እሱ አሜሪካ ነው» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ወደ አገራችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ ከአምሬፍና ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ «ሂት» የተባለ ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። ዓላማው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ከቀበሌያቸው ሳያርቅ ወደ ሌቭል 4 ማሳደግ ነው። 13 ሞጁሎች በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ለኢትዮጵያ ገጠር ተጻፉ። ሥራቸውን እየሠሩ ያነባሉ፤ ከአስጠኚ ጋር ይገናኛሉ፤ የተግባር ልምምድም አለው። ከ13ቱ ሦስቱ ስለ ቅድመ ወሊድ ክትትል፣ ስለ ምጥና ወሊድ እንዲሁም ስለ ድኅረ ወሊድ እንክብካቤ ናቸው። እኔ አንብቤያቸዋለሁ፤ ከብዙ የዩኒቨርሲቲ ሃንድአውት ይሻላሉ። ኦፕን ለርን ክሪኤት በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ፤ እንግሊዝኛው ቀላል ነው።

የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሚድዋይፍ አይደለችም፤ ፕሮግራሙም ሚድዋይፍ አደርጋለሁ አላለም። ያሳየው ግን አንድ ነገር አለ። የአገራችን የገጠር ጤና ባለሙያ ንድፈ ሐሳብን ከሥራ ቦታዋ ሳትነሳ መማር ትችላለች። ፓርቶግራፍ እንዴት እንደሚሞላ፣ የፕሪኢክላምፕሲያ ምልክቶች ምን እንደሆኑ፣ የማግኒዥየም ሰልፌት መጠን ስንት እንደሆነ በስልክም በወረቀትም ይደርሳል። ኦክሲቶሲን ለምን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ በአይሻ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ የዋለ አምፑል ለምን እንደማይታመን ለመማር ጅግጅጋ ድረስ መምጣት አያስፈልግም።

እጅ ግን በስልክ አይማርም።

ልጁ ተወለደ፣ የእንግዴ ልጁ ወጣ እንበል። ሆዷ ላይ እጅሽን ስታሳርፊ ማህፀኗ እንደ ኳስ ጠጥሯል ወይስ እንደ ቡኮ ለስልሷል? ቪዲዮ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆድ ናቸው። ልዩነቱ ያለው ከመዳፍሽ ሥር ነው። ለስልሶ ከተገኘ እናቲቱ እየደማች ነው፤ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ከባድ ደም ደግሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ደሙን በዓይን መገመትም ሌላ ፈተና ነው። ዓይን ደምን አሳንሶ ይገምታል፤ ግማሹ በአንሶላው፣ ግማሹ በልብሷ፣ የቀረው ወለሉ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ በሆነው ኢ-ሞቲቭ የተባለ ጥናት በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ ሆስፒታሎች ደሙን መስመር ባለው ፕላስቲክ እየለኩ ሕክምናውን ሁሉ አንድ ላይ ወዲያው መጀመር ከባድ የደም መፍሰስንና የሚያስከትለውን ቀዶ ሕክምናና ሞት በ60 በመቶ ቀንሷል። መድኃኒቱ አዲስ አልነበረም። አዲሱ ነገር ቶሎ ማየትና ሳያመነቱ እጅን ማንቀሳቀስ ነው። ይህን ለማግኘት ደግሞ ከጎንሽ የሚቆም፣ «ቆይ፣ አሁን እሺው፤ አሁን ሁለተኛ መስመር ክፈቺ» የሚልሽ ሰው ያስፈልጋል።

የሕፃኑም እንዲሁ ነው። ያላለቀሰን ሕፃን አድርቆ፣ አነቃቅቶ፣ ካልተነፈሰ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ ማስተንፈስ በጽሑፍ አራት መስመር ነው። ማስኩ ፊቱ ላይ ሳይገጥም አየሩ በጎን ሲወጣ ያልሰማች ጆሮ፣ ደረቱ ከፍ ሲል ያላየች ዓይን ግን አራቱን መስመር በቃሏ ብትወጣውም በዚያች ደቂቃ ትደነግጣለች። ትከሻው ተይዞ የቀረ ሕፃንስ? መጽሐፍ የሚገለጥበት ጊዜ የለም።

የእኛ ክልል ደግሞ የራሱ የሆነ ነገር አለው። በ2016ቱ ጥናት ከተገረዙት የክልሉ ሴቶች መካከል 73 በመቶ ያህሉ የተሰፉ ናቸው፤ በአካባቢው «ፊርኦኒ» የሚባለው። አንዲት ተሰፍታ የነበረች እናት የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ጠባሳውን በማደንዘዣ፣ በጊዜው፣ በትክክለኛው መስመር የሚከፍት እጅ ያስፈልጋታል። ቸኩለሽ ከከፈትሽው ትደማለች። ከዘገየሽ ጠባሳው በራሱ አቅጣጫ ይቀደዳል፣ ሕፃኑም ይታፈናል፤ ምጡ በጣም ከተራዘመ ደግሞ ፊስቱላ ሊከተል ይችላል። ውጭ አገር የተጻፈ የሚድዋይፍሪ መጽሐፍ ለዚህ ጉዳይ አንድ ገጽ ከሰጠ ብዙ ነው፤ ጅግጅጋ ግን የየቀን ሥራ ነው። ከወሊድ በኋላ ቤተሰቡ «እንደነበረች መልሺያት» ሲል እምቢ ማለትም ሥልጠና ይፈልጋል። መልሶ መስፋት የለም፤ ሙያው አይፈቅድም፣ የወንጀል ሕጋችንም ይህን ዓይነቱን መስፋት ወንጀል ብሎታል። ይህን ለአንዲት አማት በሶማልኛ፣ ሳያስቀይሙ፣ ግን ሳያወላውሉ መናገር ከልምድ አዋቂ ጎን ቆሞ የሚሰማ ነገር ነው።

ዓለም አቀፉ የሚድዋይፎች ኮንፌዴሬሽን ነርስ ለነበረች ሰው ቢያንስ 18 ወር ሥልጠና ይላል፤ ከጠቅላላው ትምህርት ቢያንስ ግማሹ ተግባር መሆን አለበት ይላል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በቁጥር አስቀምጦታል፤ አንዲት ተማሪ ራሷ ቢያንስ 40 እናቶችን ማዋለድ አለባት። በእኛም አገር በ2002 ዓ.ም. ገደማ ነርሶችን በአንድ ዓመት ሚድዋይፍ የሚያደርግ የተፋጠነ ሥልጠና ተጀምሮ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ሰው አግኝተውበታል፤ አንድ ዓመት ይበቃል አይበቃም የሚለው ክርክር ግን ዛሬም አለ።

እስቲ 40ውን በትንሽ ጤና ጣቢያ ሒሳብ እንሥራው። በወር 10 ወሊድ ያለበት ቦታ ነው እንበል፤ ዲውቲውን አራት ሰዎች ይካፈሉታል። ለእሷ በወር ሁለት ወይም ሦስት ይደርሷታል። 40 ለመሙላት ከአንድ ዓመት በላይ ያስፈልጋታል። ከወሊዶች 15 በመቶ ያህሉ ችግር ይገጥማቸዋል ተብሎ ይገመታል፤ ስለዚህ በዚያ ሁሉ ጊዜ የምታየው የተወሳሰበ ወሊድ ስድስት ቢሆን ነው። ስድስቱንም ብቻዋን፣ ማንም ሳያርማት። ለዚህ ነው «ባለሁበት ጤና ጣቢያ ተለማምጄ ሎግቡኩን ልሙላ» የሚለው ሐሳብ የማያዋጣው። ወሊድ የሚበዛበት ሆስፒታል መግባት አለባት።

አሁን ለሚስቁት ባልደረቦቼ። «በርቀት በተማረ ሰው ታዋልዳለህ ወይ ሚስትህን?» ትሉኛላችሁ። መደበኛው ትምህርት ራሱ እጅ ይሰጣል ወይ ብዬ ልመልስላችሁ። ተማሪ ሳለሁ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ አንዲት ምጥ ላይ ያለች እናት ዙሪያ የሕክምና ተማሪ፣ ኢንተርን፣ የጤና መኮንን ተማሪ፣ የሚድዋይፍሪ ተማሪና የነርስ ተማሪ ተደርድረን ቆመን አውቃለሁ። አንዱ ያዋልዳል፤ ሦስት ሰዎች ሎግቡካቸው ላይ «አዋለድኩ» ብለው ይጽፋሉ። የእናቲቱን ክብር ተዉት። አራት ዓመት ካምፓስ ውስጥ ኖሮ አምስት እናት ብቻ በእጁ ያዋለደ ተመራቂ እና ንድፈ ሐሳቡን ሐርሺን ሆና አንብባ፣ ስድስት ወር ማዋለጃ ክፍል አድራ 40 ያዋለደች ነርስ ቢቀርቡልኝ ማንን እንደምመርጥ አውቃለሁ። እኔ የምጠይቀው «የት ተማረች?» ብዬ ሳይሆን «ማን እያያት ስንት አዋለደች?» ብዬ ነው።

ድንበር ማዶም መልካም ምሳሌ አለን። እዚህ ጅግጅጋ ስለ አዋላጅነት ሲወራ የኤድና አደን ስም ሳይነሳ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1954 ለትምህርት እንግሊዝ ሄደው ነርስ ሚድዋይፍ ሆነው የተመለሱ ሐርጌሳዊት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሐርጌሳ ላይ ሆስፒታል ከፍተው የአካባቢውን ሴቶች በራሳቸው ቋንቋ ለራሳቸው ሕዝብ ማሠልጠን ጀመሩ። በእኛም አገር ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ2007 የመሠረቱት የሚድዋይፎች ኮሌጅ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶችን አሠልጥኖ ወደ መጡበት አካባቢ ይመልሳል። ሁለቱም የርቀት ትምህርት አይደሉም። ግን ሁለቱም የተነሱት ከአንድ ግምት ነው፤ አካባቢዋን የምታውቅ ሴት አትሄድም። እኔ የምለው፣ አስቀድማ ያልሄደችውን ለምን ለአራት ዓመት እንወስዳታለን?

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ባለሥልጣን አይደለሁም፤ ግን ሐሳብ መስጠት አይከለከልም። የጅግጅጋ ጤና ሳይንስ ኮሌጅና የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ሆነው በሥራ ላይ ላሉ ነርሶች የተቀላቀለ ሥልጠና ቢከፍቱ፣ ንድፈ ሐሳቡ በታተመ ሞጁልና በስልክ ይሂድ። የታተመ ያልኩት ኔትወርኩን ስለማውቀው ነው። ከዚያ በየተራ፣ በትንሽ ቡድን፣ ወደ ሆስፒታል ይግቡ። የፋፈን ዞን ነርሶች ካራማራ ወይም ሼክ ሐሰን ያባሬ። የሲቲ ዞኖቹ ግን ጅግጅጋ መምጣት የለባቸውም! ከአይሻ የተነሳች ነርስ በዋናው መንገድ ጅግጅጋ ለመድረስ ድሬዳዋን አልፋ፣ ሐረርን አልፋ ነው። የአካባቢው እናቶችም ሪፈር የሚባሉት ወደ ድሬዳዋ ነው። ልምምዱም እዚያው ድል ጮራ ሆስፒታል ይሁን። ድሬዳዋ የሌላ አስተዳደር ናት መባሉ ይገባኛል፤ አንድ ደብዳቤና አንድ ስምምነት ይፈልጋል። ደም የሚፈሳት እናት የአስተዳደር ወሰን አታውቅም፤ ተማሪዋም አትወቅ።

ሁለት ነገር ካልተሟላ ግን ይህ ሁሉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። አንደኛው ተተኪ ነው፤ እሷ ለስድስት ወር ስትሄድ ጤና ጣቢያው ባዶ ከቀረ ኃላፊዋ አይለቃትም፣ ልክም ነው። ሁለተኛው ማደሪያ ነው። ጠያቂዎቼ እናቶች ናቸው። የሚጠባ ልጅ ይዛ፣ ልጁን የሚይዝላት እናቷን ወይም እህቷን አስከትላ የምታድርበት ክፍል ሆስፒታሉ አጠገብ ከሌለ አትመጣም። የርቀት ትምህርት ጉዳይ ሲነሳ ሁሉም ስለ ኢንተርኔት ያወራል። እኔ አንድ ክፍልና አንድ ፍራሽ ይበልጥብኛል። ደመወዟም ሳይቋረጥ ነው፤ ይሄ መጠየቅም የለበትም።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው። ክልሉ ይህን እስኪያዘጋጅ ገበያው አልጠበቀም። አንዲት እህት ሁለት ሴሚስተር ከፍላ ሞጁል እየተላከላት ስትማር ቆይታ፣ ስለ ተግባር ልምምድ ስትጠይቅ «ከምትሠሪበት ጤና ጣቢያ ማኅተም አስመትተሽ አምጪ» ተባለች። የኮሌጁን ስም አልጠራም። ማኅተሙን ማግኘት ይከብዳታል ብላችሁ ነው? ግን ጨዋ ስለሆነች ተናዳ አቋረጠች፤ ገንዘቧም አልተመለሰም።

የርቀት ትምህርት በአገራችን ስሙ የጠፋው በከንቱ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት በጥራት ምክንያት አግዶት ነበር፤ በኋላ ነው የተነሣው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ኮሌጁ ፈቃድ አለው መባል አይበቃም። ፈቃዱ ለሚድዋይፍሪ ነው? ለዚያ ደረጃ ነው? በዚያ የማስተማሪያ ዘዴና በዚያ ካምፓስ ነው? ለዲግሪ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን፣ ለሌቭል ከሆነ የክልሉን የቴክኒክና ሙያ ቢሮ በጽሑፍ ጠይቁ፤ «ጓደኛዬ ነገረችኝ» አይሠራም። ለሌቭል ሲኦሲ አለ። ለዲግሪ የመውጫ ፈተና አለ፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጤና ሙያ ብቃት ምዘና ፈተና አለ፤ ሚድዋይፍሪ ከመጀመሪያዎቹ ዘርፎች አንዱ ነው። ወረቀቱ እነዚህን ካላሳለፈ ፈቃድ አታገኙበትም። ኢንተርኔት ላይ የሚሰጡ አጫጭር ኮርሶችም አሉ፤ ፈቃድ ለማደስ ለሚያስፈልገው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ይጠቅሙ ይሆናል፣ ውሰዷቸው። ሰርተፍኬቱ ላይ «ሚድዋይፍሪ» የሚል ስለተጻፈ ግን ሚድዋይፍ አያደርግም።

እስከዚያው አንቺ ጠያቂዬ በዚህ ወር ምን ታድርጊ? ሦስቱን የሂት ሞጁሎች ዋይፋይ ባለበት አውርደሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ፤ በሳምንት አንድ ክፍል ከበቂ በላይ ነው። ኃላፊሽን የመሠረታዊ ድንገተኛ ወሊድ ሥልጠና ላይ እንድትመዘገቢ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ቃል ይረሳል። በዓመት ፈቃድሽም ቢሆን፣ በስምምነትም ቢሆን፣ ለሁለት ሳምንት ወሊድ የሚበዛበት ሆስፒታል ገብተሽ ከሚድዋይፎቹ ጋር የሌሊት ሺፍት ለመቆም ሞክሪ፤ ሌሊት ተማሪ ይቀንሳል፣ እጅሽም ተራ ያገኛል። ያዋለድሽውን ሁሉ፣ የተወሳሰበውን ለብቻ፣ በደብተር መዝግቢ፤ የእናቲቱን ስም ሳይሆን የካርድ ቁጥሯን። ነገ ፕሮግራሙ ሲከፈት መግቢያሽ ይሆናል። የኦክሲቶሲኑን ፍሪጅ ቴርሞሜትር ደግሞ ዛሬውኑ እዪው።

ከሲቲ ዞን የምትጽፉልኝ፣ በጤና ጣቢያችሁ በወር ስንት ወሊድ እንዳለና ስንት ሆናችሁ እንደምትካፈሉት ላኩልኝ፤ ከጤና ቢሮ ሰዎች ጋር ስቀመጥ በእጄ ይዤው ልግባ። በሶማልኛም መጻፍ ትችላላችሁ፤ የሚያነብልኝ ባልደረባ አለ።